ጤናቸው ለማሽከርከር የማይፈቅድላቸው ታካሚዎችና የሐኪም ኃላፊነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች በጎጃም በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ስሠራ ከአሽከርካሪዎች፣ ከባለቤቶቻቸው፣ ከረዳቶችና ከሙያ ባልደረቦቼ ደጋግመው የቀረቡልኝ ናቸው። መልሶቹ የሕክምና ምርመራን ወይም የሕግ ባለሙያን ምክር አይተኩም። ታካሚውና ሐኪሙ ስለዚህ ጉዳይ ከመነጋገራቸው በፊት ሁለቱም ሊያውቁት ይገባል የምለውን ግን ይዘዋል።

መንዳት የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ነው፤ ሐኪም ምን አገባው?

የትራፊክ ፖሊስ መንገድ ላይ ቆሞ ፍጥነትን፣ ትርፍ ጭነትን፣ ያለቀ ጎማንና መንጃ ፈቃድን ማየት ይችላል። የሹፌሩ ስኳር በምን ያህል እንደወረደ፣ የጎን እይታው ምን ያህል እንደጠበበ፣ ባለፈው ሳምንት ቤቱ ውስጥ ወድቆ እንደተንቀጠቀጠ ግን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውም። ይህን የሚያውቁት ታካሚው ራሱ፣ ቤተሰቡና የመረመረው ሐኪም ብቻ ናቸው።

ነገሩን በቁጥር ላስረዳ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ለአሥር ሰከንድ ብቻ ራሱን የሳተ ሹፌር መኪናው ከ160 ሜትር በላይ ያለ ነጂ ተጉዟል ማለት ነው፤ የሚጥል በሽታ ሲነሳ ደግሞ መንቀጥቀጡ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ይቆያል። ከደጀን ተነስቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ተራራ፣ ከፊት ደግሞ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ የሚወርድ ተሳቢ አለ። እዚያ ላይ ሦስት ሰከንድም ትርፍ ጊዜ የለም።

የትኞቹ የጤና ችግሮች ናቸው ለማሽከርከር የሚያሰጉት?

የሚመዘነው የበሽታው ስም ሳይሆን፣ በሽታው ሰውየው መሪ ላይ ሳለ ሊያደርስበት የሚችለው ነገር ነው። ሁለት የስኳር ሕሙማን አንድ ዓይነት መድኃኒት እየወሰዱ አንደኛው በሰላም ሊነዳ፣ ሌላኛው ግን ስኳሩ በድንገት እየወረደ ሊቸገር ይችላል።

በመጀመሪያ ደረጃ የሚታዩት በድንገት ራስን የሚያስቱ ችግሮች ናቸው፤ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ምት መዛባት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ራስን መሳት፣ እንዲሁም የስኳር መጠን ከልክ በታች መውረድ ከእነዚህ ይመደባሉ። ስትሮክ እጅና እግርን ከማድከሙም በላይ አንዳንድ ጊዜ ታካሚው በአንድ በኩል ያለውን ነገር ጨርሶ እንዳያስተውል ያደርገዋል፤ አደገኛነቱ ደግሞ ሰውየው ችግሩ እንዳለበት ራሱ አለማወቁ ላይ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች የመርሳት ችግርም እንዲሁ ነው።

የዓይን ጉዳይ በእኛ አካባቢ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። አማራ ክልል ትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፋባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት የዓይኑን መስታወት እየፋቀ ጠባሳ ሲያስቀርበት፣ የሰውየው እይታ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። የዓይን ሞራ ያለበት ሹፌር ቀን ቀን ደህና የሚያይ ይመስለዋል፤ ማታ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት ሲያርፍበት ግን መንገዱ በሙሉ ነጭ ጭጋግ ይሆንበታል። ግላኮማ ደግሞ ያለ ምንም ሕመም የጎን እይታን ስለሚያጠብ፣ ሰውየው ፊት ለፊት ያለውን የታርጋ ቁጥር እያነበበ ከዳር ወደ አስፋልቱ የገባችውን አህያ ወይም ልጅ ላያያት ይችላል።

እንቅልፍም በሽታ ሊሆን እንደሚችል ብዙ አሽከርካሪ አያውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ከፍ ባለ ድምፅ የሚያንኮራፋ፣ በመሃል ትንፋሹ ቆም እያለ የሚባንን፣ ስምንት ሰዓት ተኝቶ እንኳ ቀን የሚያንቀላፋው ሰው መመርመር ያስፈልገዋል። ጫት እየቃመ ሌሊት የሚነዳ ሹፌር እንቅልፉን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያስቀረውም።

መድኃኒቶችም አሉ። ለጉንፋንና ለአለርጂ ከፋርማሲ የሚገዛው ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ለጭንቀት የሚታዘዘው ዲያዜፓም፣ እንዲሁም በተለይ በተጀመረባቸው ሳምንታት ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል እንቅልፍ ያመጣሉ። መድኃኒቱን ሲቀበሉ «እየነዳሁ መውሰድ እችላለሁ?» ብለው ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ዕድሜ ልኩን አይነዳም ማለት ነው?

አይደለም። ይህ ጥያቄ ሲነሳ ሁልጊዜ ጊዜ ወስጄ እመልሳለሁ፤ ምክንያቱም በሽታውን ሰዎች የሚደብቁት በአብዛኛው ይህን የተሳሳተ ግምት ይዘው ነው።

በ1980ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት በቡታጅራ አካባቢ የተደረገው የታወቀ ጥናት ከ1000 ሰዎች ውስጥ 5 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ ተገቢውን መድኃኒት በአግባቡ ቢወስዱ ከታማሚዎቹ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ሳይጥለው ረጅም ጊዜ የቆየ ሰው ደግሞ ቀላል ተሽከርካሪ እንዲነዳ የሚፈቅዱ አገሮች ብዙ ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በብሪታንያ ለቤት መኪና የሚጠየቀው በመደበኛው አንድ ዓመት ሳይጥል መቆየት ነው። ለአውቶቡስና ለከባድ ጭነት ግን መለኪያው እጅግ የጠበቀ ነው፤ ያለ መድኃኒት 10 ዓመት ሳይጥል መቆየት ይጠየቃል። ልዩነቱ የመጣው ከተሳፋሪው ብዛት፣ ከተሽከርካሪው ክብደትና ሹፌሩ በቀን ውስጥ መሪ ላይ ከሚያሳልፈው ሰዓት ነው።

እንግዲህ ሦስት የተለያዩ ሰዎች አሉ። ባለፈው ወር የጣለው ሰው ማንኛውንም ተሽከርካሪ፣ ባጃጅና ሞተር ብስክሌትም ጭምር፣ መንዳት የለበትም። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከዓመት በላይ ሳይጥለው የቆየው ሰው ከሐኪሙ ጋር ስለ ቤት መኪና ሊነጋገር ይችላል። በሚኒባስ ሰው እያመላለሰ ወይም ሲኖትራክ እየነዳ የሚኖረው ሰው ግን ሌላ የሥራ መስክ ማሰብ ይኖርበታል፤ ይህን በለዘበ ቃል ልናገረው እሞክራለሁ እንጂ ልደብቀው አልችልም።

ጸበል ስገባ መድኃኒቴን አቆማለሁ፤ ስመለስ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ችግር አለው?

ከባድ ችግር አለው። ፌኖባርቢታልን የመሰለ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከቀድሞው ብሶ ይነሳል፤ አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያባራ ሌላው እየተተካ ለሞት የሚያደርስበትም ጊዜ አለ። ሁለት ሳምንት ጸበል ሰንብቶ፣ መድኃኒቱን አቁሞ፣ በሦስተኛው ሳምንት መሪ የጨበጠ ሰው በሕክምና ዓይን ሲታይ እጅግ አደገኛ በሆነው ጊዜ ላይ ነው የሚነዳው።

ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ ይቻላል። መድኃኒትዎን እንደ ስንቅዎ ቆጥረው ይዘው ይግቡ፤ በመካከል አቋርጠው ከነበረ ደግሞ ወደ መናኸሪያው ከመሄድዎ በፊት ወደ ክትትል ክፍልዎ ይምጡ።

የስኳር ሕመምተኛ ሹፌር ነኝ፤ እጾማለሁም። ምን ላድርግ?

ኢንሱሊን ጠዋት ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እህል ሳይቀምስ የሚነዳ ሰው በእኔ ግምት በዚህ መንገድ ላይ ካሉት አሽከርካሪዎች ሁሉ አብዝቶ ሊታሰብለት የሚገባ ነው። ስኳር በዴሲ ሊትር ደም ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሐሳብ ይበተናል። ለብዙ ዓመታት ኢንሱሊን የወሰዱ ሰዎች ደግሞ እነዚህ ማስጠንቀቂያዎች ይጠፉባቸውና ሳይታወቃቸው ራሳቸውን ይስታሉ። በዐቢይ ጾም ወራት ይህን ጉዳይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ከጾሙ በፊት መጠኑ እንዲስተካከልልዎ ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ለሕመምተኛ ስላለው ፈቃድም ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ብዙዎቹ ጉዳዩ በግልጽ ሲነገራቸው በቀና የሚመልሱ ናቸው። ከመነሳትዎ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥና በጉዞው ላይ በየሁለት ሰዓቱ ስኳርዎን መለካት፣ ከ90 በታች ከሆነ ሳይቀምሱ አለመንቀሳቀስ፣ ስኳር ወይም ጣፋጭ ነገር እጅዎ በሚደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ስኳርዎ ከወረደ መኪናውን ያቁሙ፤ ጣፋጭ ይውሰዱ፤ መጠኑ ወደ ቦታው ከተመለሰም በኋላ ቢያንስ 45 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አእምሮ ከደም ዘግይቶ ነው የሚያገግመው።

ሐኪሜ መንጃ ፈቃዴን መቀማት ይችላል?

አይችልም። ፈቃድ የሚሰጠውም የሚያግደውም ሥልጣን የተሰጠው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው፤ ሐኪም የሚሰጠው የሕክምና አስተያየት ብቻ ነው።

ሳያስፈቅደኝስ ስለ ጤናዬ ለመሥሪያ ቤቱ ሊናገር ይችላል?

በመጀመሪያ ሁለት ዓይነት ሐኪሞችን መለየት ያስፈልጋል። በአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የሕክምና ማስረጃ ያቀርባል። ለዚህ ማስረጃ ሲሉ የሚመረመሩ ከሆነ፣ የምርመራው ዓላማ ራሱ ውጤቱን ለፈቃድ ሰጪው ማሳወቅ ነው፤ ሐኪሙም ያየውን መጻፍ ግዴታው ነው። ለሕክምና ሲመጡ የሚያገኙት ሐኪም ግን ምስጢርዎን የተቀበለው ለሕክምናዎ ሲል ነው።

ይህን ምስጢር ሕጉ በብርቱ ይጠብቀዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 399 ሐኪሞችን፣ ፋርማሲስቶችን፣ አዋላጆችንና ነርሶችን ጨምሮ በሙያቸው ያወቁትን ምስጢር የሚገልጡ ባለሙያዎችን ያስቀጣል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 400 ደግሞ ምስጢሩ በሕጋዊ መንገድ የሚገለጥባቸውን በሮች ይዘረዝራል። የባለጉዳዩ ፈቃድ ሲገኝ፣ ባለሙያው ጠይቆ የሙያው የበላይ ተቆጣጣሪ ወይም የዳኝነት አካል በጽሑፍ ሲወስን፣ ፍርድ ቤት በተለየ ጉዳይ ላይ ሲያዝ፣ ወይም ለመንግሥት አካል የማሳወቅ ግዴታ የሚጥል የተለየ ሕግ ሲኖር ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ የሚጀምረው ከመጀመሪያው በር፣ ከእርስዎ ፈቃድ ነው። ሁኔታውን አስረድቶ፣ ራስዎ እንዲያሳውቁ ወይም እሱ እንዲጽፍልዎ ይጠይቃል። እምቢ ካሉና አደጋው ከባድ ከሆነ፣ ጉዳዩን በጽሑፍ ለበላይ የሙያ አካል አቅርቦ ውሳኔ መጠየቅ ይችላል። አንድ የተለየ ሁኔታም አለ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 75 በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችልን ቅርብና ከባድ አደጋ ለመከላከል የተፈጸመን ድርጊት ከቅጣት ነፃ ያደርጋል። ጠዋት ሁለት ጊዜ የጣለው ሹፌር ከሰዓት በኋላ ሃያ አራት ሰው ጭኖ ሊነሳ ሲል ያወቀ ሐኪም እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ሕጉ የሚፈልግ አይመስለኝም። ይሁንና ይህን አንቀጽ የዕለት ተዕለት መሣሪያ ማድረግ አይገባም።

በሌሎች አገሮች እንዴት ነው የሚሠራው?

አገሮቹ አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም። በአሜሪካ ካሊፎርኒያንና ፔንሲልቫኒያን ጨምሮ በጥቂት ግዛቶች ሐኪሙ እንዲያሳውቅ በሕግ ይገደዳል፤ በአብዛኞቹ ግን ውሳኔው ለሐኪሙ የተተወ ነው። በብሪታንያ የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ ያለበት አሽከርካሪው ራሱ ነው፤ ካላሳወቀ እስከ 1000 ፓውንድ ይቀጣል። ሐኪሙ የሚገባው ታካሚው ምክሩን ችላ ብሎ መንዳቱን ከቀጠለ ሲሆን፣ ያኔም ሊያሳውቅ መሆኑን አስቀድሞ ለታካሚው እንዲነግረው የሙያ መመሪያው ይጠይቃል።

የብሪታንያው አሠራር ድክመቱ ሰውየው ዝም ሲል ይታያል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 22 ቀን 2014 በግላስጎ ከተማ የቆሻሻ መኪና ሹፌር መሪ ላይ ራሱን ስቶ 6 እግረኞች ሞተዋል። ሹፌሩ ከአራት ዓመት በፊት በአውቶቡስ ላይ ሳለ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት እንደነበረ፣ ይህንንም ለአዲሱ ቀጣሪውም ለፈቃድ ሰጪውም በእውነት እንዳልተናገረ በኋላ ተረጋግጧል።

በካናዳ ኦንታሪዮ ከ100 ሺሕ በላይ በሐኪም የተጠቆሙ ታካሚዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት ደግሞ ሁለቱንም ገጽታ ያሳያል። ከጥቆማው በኋላ በታካሚዎቹ መሪ ላይ የደረሰው ከባድ አደጋ በ45 በመቶ ያህል ቀንሷል። በአንጻሩ ግን በድብርት ምክንያት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡት ጨምረዋል፤ ወደ ጠቆማቸው ሐኪም የሚመለሱትም ቀንሰዋል።

ይህን ይዤ የራሴን አስተያየት ልናገር። ሕዝብ ለሚያመላልሱና ከባድ ጭነት ለሚያጓጉዙ አሽከርካሪዎች፣ በጠባቡ የተወሰነ የማሳወቅ ግዴታ በሕግ ቢኖር እደግፋለሁ። ለሁሉም ታካሚ የሚሠራ ጠቅላላ ግዴታን ግን እፈራለሁ፤ በእኛ አገር ገና ብዙው ሰው በሽታውን ለሐኪም ለመናገር የሚያመነታ ነውና፣ ክፍሉ ውስጥ የተናገረው ሁሉ ወደ መሥሪያ ቤት የሚሄድ ከመሰለው በሽታውን ይደብቃል እንጂ መንዳቱን አያቆምም።

ከተናገርኩ እንጀራዬን አጣለሁ። ለምን እናገራለሁ?

ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚመልስ ሐኪም ካለ፣ የጠያቂውን ኑሮ አላወቀም።

በዕድሜ ከአርባ አምስት የማያንሱ አንድ ሰው የሚጥል በሽታ ክትትል ነበራቸው። ካርዳቸው ላይ ሥራቸው «ገበሬ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ቀን የግራ ክንዳቸው ላይ ገና ያልዳነ የቃጠሎ ቁስል አይቼ፣ ሕመሙ ሲነሳባቸው እሳት ላይ ወድቀው እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ በዚህ በሽታ የተለመደ ነገር ነው። «የለም ዶክተር፣ ራዲያተር ስከፍት ነው የፈላው ውሃ ያገኘኝ» አሉኝ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። «ጋሼ፣ የራዲያተሩ መኪና የማን ነው?» አልኳቸው። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «የምነዳው እኔ ነኝ ልጄ፤ አምስት ልጅ አለኝ» አሉ።

በዚያ ቀን አልተስማማንም። ተቆጥተው ወጡ፤ የሚቀጥለውንም ቀጠሮ ቀሩ። እኔም በካርዳቸው ላይ የነገርኳቸውን ከነቀኑ ጻፍኩ፤ ለክፍሉ ኃላፊም አሳወቅሁ። በሦስተኛው ወር ከባለቤታቸው ጋር መጡ። እትዬ ከበሩ ሳይገቡ ነው የተናገሩት፤ ሁለት ጊዜ በሌሊት እንደጣላቸው፣ መኪናውን ለወንድማቸው ልጅ እንዳስረከቡ፣ እሳቸው አሁን መናኸሪያ ውስጥ ስምሪት ላይ እንደሚሠሩ። ገቢያቸው ቀንሷል፤ ይህን አላሳምረውም።

ከሕጉም በኩል ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። በቸልተኝነት ሰው መግደልን የሚመለከተው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ከአንድ ሰው በላይ ሲሞት ወይም ግልጽ ደንብ ተጥሶ ሲገኝ ቅጣቱን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሰዋል። በሐኪም «አትንዳ» ተብሎ የነዳ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ «ድንገት ነው የደረሰብኝ» ቢል ማስረዳት ይቸገራል።

ሥራ መቀየር ግድ ከሆነም ሁሉም ምትክ ሥራ አይመችም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አይሱዙ ላይ ወጥቶ ጭነት ማሰርም፣ ጋራዥ ውስጥ በብየዳ መሥራትም የለበትም። ስምሪት፣ ትኬት ቆረጣ፣ የመለዋወጫ ሱቅ፣ የንብረት ክፍል የመሳሰሉት የተሻሉ ናቸው። የመኪና ባለንብረቶችን የምለምነው ይህንኑ ነው፤ ለዓመታት በታማኝነት የነዳላችሁን ሰው በሽታውን ስለተናገረ ከነጭራሹ ካባረራችሁት፣ ቀጣዩ ሹፌራችሁ አይነግራችሁም።

ረዳት ነኝ፤ የሹፌሬ ነገር አላማረኝም። ለማን ልንገር?

መጀመሪያ ለራሱ፣ ሰው በሌለበትና መኪናው በቆመበት ይንገሩት። ያዩትን ብቻ ይንገሩት፤ «በሽተኛ ነህ» ከማለት «ደምበጫን ስናልፍ ጠርቼህ አልሰማኸኝም፤ ከንፈርህም ይንቀሳቀስ ነበር» ማለት ይሻላል። የሚጥል በሽታ ሁልጊዜ በመንቀጥቀጥ አይመጣም፤ አንዳንዱ ሰው ለጥቂት ሰከንዶች ፈዝዞ ይቀርና ተመልሶ ሥራውን ይቀጥላል። ካልሰማዎት ለቤተሰቡ፣ ከዚያም ለባለንብረቱ ይንገሩ። እርስዎ ሐኪም ስላልሆኑ የሙያ ምስጢር አይከለክልዎትም፤ ወሬውን በመናኸሪያው መበተን ግን ሌላ ነገር ነው።

ሹፌሩ ከቆመ መኪና ውስጥ ወይም ከመንገድ ዳር ቢጥለው በጎኑ ያስተኙት፤ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፤ አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ። ክብሪት ለኩሶ ጭሱን ማሽተት በሽታውን አያቆመውም። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

ለሙያ ባልደረቦች፦ ምን ልጠይቅ፣ ምን ልጻፍ?

ሥራቸውን ከካርዱ አያንብቡ፤ ራሳቸውን ይጠይቁ። «ሥራዎ ምንድን ነው?» ከሚለው ይልቅ «መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ይነዳሉ?» የሚለው ጥያቄ ይሻላል፤ ብዙ ገበሬና ነጋዴ ሞተር ይነዳልና። ምክሩን በቃል ብቻ አይተዉት። ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ የትኛውን ዓይነት ተሽከርካሪ እንዳይነዱ እንደነገሯቸው ካርዱ ላይ ይጻፉ፤ ከተስማሙ ቤተሰብ ባለበት ይድገሙላቸው።

ለፈቃድ ሰጪው በሕጋዊ መንገድ የሚጽፉ ከሆነ ደብዳቤው አጭር ይሁን። «ለጊዜው ለማሽከርከር የጤና ብቃት የላቸውም፤ ከዚህ ቀን በኋላ በድጋሚ ይመርመሩ» የሚለው በቂ ነው። የበሽታውን ታሪክ፣ የመድኃኒቱን ዝርዝር፣ ከበሽታው ጋር የማይገናኘውን የኤች አይ ቪ ውጤት አብሮ መላክ ጥፋት ነው። ቅጂውን ለታካሚው ይስጡ፤ ከጀርባቸው የተላከ ደብዳቤ መኖሩን ከመስኮት ጸሐፊ ከሚሰሙት ከእርስዎ አፍ ይስሙት።

ያልመረመሩትን ሰው ደግሞ «ብቁ ነው» ብለው አይፈርሙ። የዓይን ሰሌዳውን ሳያዩ፣ ደም ግፊታቸው ሳይለካ ማስረጃው ተፈርሞ የተሰጣቸው ሰዎች ካርዳቸውን ይዘው ወደ እኔ መጥተው ያውቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ የቀኝ ዓይኑ ከጣት ቆጠራ በላይ አያይም ነበር፤ ማስረጃው ላይ የሁለቱም ዓይኖች እይታ ሙሉ ተብሎ ተሞልቷል። ያንን ወረቀት የሰጠውን ክሊኒክ ስም እዚህ አልጽፍም፤ ወረቀቱን ባየሁ ጊዜ የተሰማኝ ኀዘን ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ያ ሰው ሲመጣ የዓይኑ ሞራ ገና በቀዶ ሕክምና ሊወገድ የሚችል ነበር፤ ማስረጃው ሲሰጠው በትክክል ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ ዓይኑ ቀድሞ ይታከም፣ መንገዱም ከአደጋ ይድን ነበር።

ከታገድኩ በኋላ እንዴት ነው የምመለሰው?

አብዛኛው እገዳ ጊዜያዊ ነው፤ ሞራው ከወጣ፣ የልብ ምቱ ከተስተካከለ፣ የእንቅልፍ ችግሩ ከታከመ፣ የስኳሩ መድኃኒት ከተለወጠ በኋላ በድጋሚ ተመርምሮ መመለስ ይቻላል። በውሳኔው ካልተስማሙ ሁለተኛ ሐኪም የማየት መብት አለዎት፤ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ሌላ የሪፈራል ሆስፒታል ሪፈር እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ።

ለድጋሚ ምርመራው ሲመጡ የክትትል ካርድዎን፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው፣ ስኳር የሚለኩ ከሆነ መመዝገቢያ ደብተርዎን ይዘው ይምጡ። ሲጥልዎ ወይም ራስዎን ሲስቱ ያየ ሰው ካለ አብሮዎት ይምጣ፤ መምጣት ካልቻለ ስልኩን ያምጡልን፤ በስልክ የተቀረጸ ግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ካለም ያሳዩን፤ ከብዙ ገለጻ የበለጠ ይረዳናል።